ከ“ደማዊው መቶኛ” እስከ ሰማይ ቦቴ፦ የ100ኛው የአየር ላይ ነዳጅ መጋቢ ዊንግ ታሪክ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በተባለው አውራጃ፣ ሚልደንሆል የምትሰኝ ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ አጠገብ ከሚገኘው የአየር ኃይል ጣቢያ ግራጫ ቀለም የተቀቡ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ይነሣሉ። ቦምብ አይጭኑም፤ መድፍም የላቸውም። የሚሸከሙት ነዳጅ ነው። በጅራታቸው ላይ ግን ከሩቅ የሚታይ አንድ ምልክት አለ፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ “ዲ” የተባለው የላቲን ፊደል።

ይህ ፊደል ከ80 ዓመታት በፊት፣ ከዚያው ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ከአንድ የእርሻ መንደር እየተነሡ ወደ ጀርመን ይበሩ የነበሩ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መለያ ነበር። ከእነዚያ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ዛሬ ፊደሉን የወረሰው የአሜሪካ አየር ኃይል 100ኛው የአየር ላይ ነዳጅ መጋቢ ዊንግ ይባላል። ሥራውም ሌሎች ርቀው እንዲሄዱና በሰላም እንዲመለሱ በሰማይ ላይ ነዳጅ ማቀበል ነው። የዚህ ክፍል ታሪክ ነዳጅ በአየር ውጊያ ውስጥ የሕይወትና የሞት ድንበር የሆነበትን መንገድ በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነዳጅ በሰማይ ላይ ለምን ይቀዳል?

አንድ አውሮፕላን ከመሬት ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ወሰን አለው። ይህም ወሰን በጭነትና በነዳጅ መካከል ይከፈላል። ብዙ ጭነት የያዘ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ብዙ ነዳጅ የያዘም ጭነቱን ይቀንሳል። ከገበያ ርቆ የሚኖር ገበሬ አህያውን ሲጭን፣ ለመንገድ የሚሆነው ስንቅ በበዛ ቁጥር ለገበያ የሚወጣው እህል እንደሚያንስ ያውቃል። የአውሮፕላንም ሒሳብ ከዚህ አይለይም።

ሌላም ነገር አለ። የሄደ መመለስ አለበት። 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ የያዘ ተዋጊ አውሮፕላን በደኅና ሊደርስ የሚችለው 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ውጊያ ከገጠመው ደግሞ ርቀቱ ይበልጥ ያጥራል። መፍትሔው አውሮፕላኑ ሳያርፍ፣ በበረራ ላይ እንዳለ፣ ከሌላ አውሮፕላን ነዳጅ መቀበል ነው። በሀገራችን ነዳጅ የሚያመላልሰው መኪና ቦቴ እንደሚባል ሁሉ፣ ይህን አውሮፕላንም የሰማይ ቦቴ ብለን ልንጠራው እንችላለን።

ነዳጅ የሚቀዳባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች ሁለት ናቸው። በአንደኛው፣ ከቦቴው ጅራት ሥር ጠንካራ ቧንቧ ይዘረጋል። ቧንቧው ትንንሽ ክንፎች ስላሉት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊመራ ይችላል። በሁለተኛው፣ ጫፉ ላይ ቅርጫት መሰል ነገር ያለው ተጣጣፊ ጎማ ወደ ኋላ ይለቀቃል፤ ተቀባዩ አውሮፕላን ከፊቱ የወጣውን አጭር ቱቦ በቅርጫቱ ውስጥ ያስገባል። የአሜሪካ አየር ኃይል በብዛት የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ብዙ የአውሮፓ ሀገራት ሁለተኛውን ይጠቀማሉ።

ሥራው ቀላል አይደለም። ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች በሰዓት በመቶዎች ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘጉ፣ በመካከላቸው ጥቂት ሜትሮች ብቻ እያሉ፣ ለደቂቃዎች አንድ ላይ መብረር አለባቸው። ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ ከአብራሪዎቹም አልፎ በምድር ላይ ላሉት ይተርፋል። ጥር 17 ቀን 1966 በደቡብ ስፔን ሰማይ ላይ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነዳጅ ለመቀበል ሲጠጋ ከቦቴው ጋር ተጋጨ። በሁለቱ አውሮፕላኖች ውስጥ ከነበሩት 11 ሰዎች 7ቱ ሞቱ። ቦምብ ጣዩ 4 የሃይድሮጂን ቦምቦች ጭኖ ነበር። ሦስቱ ፓሎማሬስ በተባለች የገበሬዎች መንደር ዙሪያ ወደቁ፤ አንዱ ባሕር ውስጥ ገባ። የኑክሌር ፍንዳታ ባይደርስም፣ በሁለቱ ቦምቦች ውስጥ የነበረው ተራ ፈንጂ በመፈንዳቱ ፕሉቶኒየም የተባለው መርዛም ንጥረ ነገር በእርሻ መሬት ላይ ተበተነ። ከ1 ሺህ ቶን በላይ የተበከለ አፈርና አዝመራ ተጭኖ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። አደጋው የደረሰው በሌላ ክፍል አውሮፕላኖች ላይ ቢሆንም፣ ይህ ሙያ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ ለማስረዳት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ቀድሞ የታወቀ፣ ዘግይቶ የተሠራበት ጥበብ

በሰማይ ላይ ነዳጅ መቅዳት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሰኔ 27 ቀን 1923 በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ አቅራቢያ ሁለት የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖች በጎማ ቱቦ ነዳጅ ተቀባበሉ። ከዚያም በጥር 1929 “የጥያቄ ምልክት” የሚል ስም የተሰጠው አውሮፕላን በየጊዜው ነዳጅ እየተቀዳለት ከ150 ሰዓታት በላይ፣ ማለትም ከስድስት ቀናት በላይ፣ ሳያርፍ በሰማይ ላይ ቆየ። የበረራው አዛዥ ካርል ስፓትስ ቱቦውን ሲቀበል ነዳጅ ፈስሶበት ከራስ እስከ እግሩ ተነክሮ ነበር። አብሮት ከበረሩት አብራሪዎች አንዱ ደግሞ አይራ ኤከር ይባላል።

እነዚህን ሁለት ስሞች ማስታወስ ያስፈልጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ እየተነሣ ጀርመንን ይደበድብ የነበረውን 8ኛውን የአሜሪካ አየር ኃይል በየተራ የመሩት እነርሱ ናቸውና። የሰማይ ላይ ነዳጅ ቅጂ እንደሚቻል በገዛ እጃቸው ያሳዩ ሰዎች፣ ከ14 ዓመታት በኋላ ነዳጅ የሚያጥራቸውን ተዋጊ አውሮፕላኖች ይዘው ለመዋጋት ተገደዱ። ጥበቡ ቢታወቅም ለጦርነት ሥራ የሚሆን መሣሪያና አደረጃጀት አልተዘጋጀለትም ነበር። የዚህን ክፍተት ዋጋ ከከፈሉት መካከል አንዱ 100ኛው ግሩፕ ነው።

በእርሻ ምድር ላይ የሰፈረው ግሩፕ

100ኛው የከባድ ቦምብ ጣይ ግሩፕ ሰኔ 1 ቀን 1942 በፍሎሪዳ ግዛት ሥራ ጀመረ። በሥሩ 349ኛ፣ 350ኛ፣ 351ኛ እና 418ኛ የተባሉ አራት ስኳድሮኖች ነበሩት። ስኳድሮን ማለት የተወሰኑ አውሮፕላኖችንና ባልደረቦቻቸውን የያዘ አነስተኛ የአየር ኃይል ክፍል ነው። የታጠቁት ቢ-17 የተባለውን፣ “የሰማይ ምሽግ” በመባል የታወቀውን ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ 10 ሰዎችን ይዞ ይበር ነበር። አብዛኞቹ በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ወጣቶች ነበሩ።

ግሩፑ በሰኔ 1943 እንግሊዝ ደርሶ ኖርፎክ ውስጥ በሚገኝ ቶርፕ አቦትስ በተባለ መንደር ሰፈረ። በዚያን ጊዜ የምሥራቅ እንግሊዝ ሜዳማ የእርሻ መሬት በአውሮፕላን ማረፊያዎች ተሞልቶ ነበር። ስንዴና ገብስ ይበቅልበት የነበረው ማሳ በኮንክሪት መንደርደሪያ ተሸፈነ። ገበሬዎቹ በቀረላቸው መሬት ላይ እያረሱ ጠዋት የሚነሡትን አውሮፕላኖች ይቆጥሩ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመለሱትንም እንደገና ይቆጥሩ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የማይሆኑባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

የግሩፑ የመጀመሪያ ዘመቻ ሰኔ 25 ቀን 1943 ወደ ብሬመን ከተማ የተደረገው ነው። በዚያ ቀን 3 አውሮፕላኖች ከነሰዎቻቸው ጠፉ። ይህ ግን ለሚመጣው መቅድም ብቻ ነበር።

ነዳጅ ያለቀበት ድንበር

ነሐሴ 17 ቀን 1943 የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በደቡብ ጀርመን በምትገኘው ሬገንስበርግ ከተማ ያለውን የሜሰርሽሚት አውሮፕላን ፋብሪካ እንዲመቱ ታዘዙ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ ከመመለስ ይልቅ አልፕስ ተራሮችንና የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግረው አልጄሪያ እንዲያርፉ ተወሰነ። 100ኛው ግሩፕ የተመደበው በሰልፉ መጨረሻና በዝቅተኛው ከፍታ ላይ ነበር፤ ይህም ለጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች እጅግ የተጋለጠ ቦታ ነው።

አጃቢ ተዋጊ አውሮፕላኖች አብረዋቸው ተነሥተው ነበር። ይሁን እንጂ ቤልጅየም ከጀርመን ጋር በምትዋሰንበት አካባቢ ሲደርሱ የአጃቢዎቹ ነዳጅ ለመመለሻ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ስለዚህ ተመለሱ። ጀርመኖችም ይህን ድንበር ያውቁት ነበርና ከዚያ ማዶ ይጠብቁ ነበር። በዚያ ቀን 100ኛው ግሩፕ ብቻውን 9 አውሮፕላኖች አጣ። በዕለቱ በሬገንስበርግና በሽዋይንፈርት ላይ በተደረጉት ሁለት ዘመቻዎች በጠቅላላው 60 ቦምብ ጣዮች ጠፍተዋል። ግሩፑ በዚያ ዕለት ላሳየው ጽናት ከፍተኛውን የክፍል የክብር ሽልማት ተሸለመ።

ጥቅምት 10 ቀን 1943 ደግሞ የባሰ መጣ። ግሩፑ ከሁለት ቀናት በፊት በብሬመን ላይ 7 አውሮፕላኖች አጥቶ ቆስሎ ነበር። የተረፉትን አሰባስቦ ወደ ሙንስተር ከተማ ዘመተ። ወደ ዒላማው ከገፉት 13 አውሮፕላኖች መካከል ቶርፕ አቦትስ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። 12ቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከሰማይ ተለቀሙ። 120 ያህል ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ከምግብ ገበታቸውና ከአልጋቸው ጎደሉ። የተመለሰውን አውሮፕላን ያበረረው ሮበርት ሮዘንታል ይባላል፤ ከኒውዮርክ ብሩክሊን የመጣ የሕግ ባለሙያ ነበር። ሮዘንታል በአጠቃላይ 52 ጊዜ ዘምቶ በሕይወት ተረፈ። ከጦርነቱም በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ የፍርድ ሂደት ውስጥ በሕግ ባለሙያነት አገልግሏል።

መጋቢት 6 ቀን 1944 በበርሊን ላይ በተደረገው ታላቅ የቀን ዘመቻ ግሩፑ 15 አውሮፕላኖችን አጣ። ታኅሣሥ 31 ቀን 1944 በሃምበርግ ላይ ሌሎች 12 አውሮፕላኖች ጠፉ። ከእነዚህ ቀናት የተነሣ ወታደሮች ክፍሉን “ደማዊው መቶኛ” ብለው ጠሩት።

ይህ ስም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። በጦርነቱ ጊዜ ሁሉ በጠቅላላው ከጠፉ አውሮፕላኖች አንጻር ሲታይ፣ 100ኛው ከ8ኛው አየር ኃይል ግሩፖች ሁሉ የበለጠ ጉዳት የደረሰበት አይደለም። ልዩነቱ ጉዳቱ በጥቂት ቀናት ላይ መከማቸቱ ነው። ለሳምንታት ቀላል ኪሳራ እየደረሰበት ይቆይና፣ በአንድ ቀን የሰፈሩ ግማሽ ይጠፋ ነበር። ግሩፑ እስከ ሚያዝያ 1945 ድረስ 306 ዘመቻዎችን አድርጓል። ከ700 በላይ ባልደረቦቹ ሲሞቱ፣ ከ900 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በጦር ምርኮኝነት ተይዘዋል።

ሁኔታው የተለወጠው ፒ-51 የተባለው ረጅም ርቀት የሚሄድ ተዋጊ አውሮፕላን በ1944 መጀመሪያ በብዛት ሲመጣ ነው። በክንፉ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ በርሜሎች ይንጠለጠሉለት ስለነበር ቦምብ ጣዮቹን እስከ በርሊን ድረስ አጅቦ ይመለስ ጀመር። ከአንድ ዓመት በፊት ሰዎች ያልቁ የነበረው ከጀግንነት ማነስ ሳይሆን ከነዳጅ ማነስ እንደነበረ በዚህ ታወቀ።

ቦምብ ሳይሆን እህል

የግሩፑ የመጨረሻ የጦርነት ጊዜ በረራዎች ከቀድሞዎቹ ፈጽሞ የተለዩ ነበሩ። በ1944ና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ በጀርመን ጦር ተይዞ የነበረው ምዕራባዊው የኔዘርላንድስ ክፍል በከባድ ረኃብ ተመታ። ሰዎች የአበባ ሥር እየቆፈሩ እስከ መብላት ደረሱ፤ 20 ሺህ ያህል ሰዎችም እንደሞቱ ይገመታል። በሚያዝያ 1945 መጨረሻ ከጀርመን ጦር ጋር በተደረገ ስምምነት የብሪታኒያና የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ምግብ እንዲጥሉ ተፈቀደ።

100ኛው ግሩፕ በግንቦት መጀመሪያ በዚህ ዘመቻ ተሰለፈ። አውሮፕላኖቹ በቦምብ ማስቀመጫቸው ውስጥ የምግብ ከረጢቶችን ጭነው፣ ከመሬት ጥቂት ወደ ላይ ብቻ ከፍ ብለው፣ በክፍት ሜዳዎች ላይ አራገፉ። በሁለቱ ሀገራት አውሮፕላኖች የተጣለው ምግብ በጠቅላላው ከ10 ሺህ ቶን በላይ ነበር። ቦምብ ሲጥሉ የኖሩ ወጣቶች በምድር ላይ እጃቸውን የሚያወዛውዙ ሰዎችን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ግሩፑ በታኅሣሥ 1945 ተበተነ። የቶርፕ አቦትስ መንደርደሪያም ቀስ በቀስ ወደ እርሻነት ተመለሰ።

ቀዝቃዛው ጦርነትና የመጀመሪያዎቹ ቦቴዎች

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ አየር ኃይል ከቀድሞው ትምህርት ተምሮ ነዳጅ መቅዳትን መደበኛ ሥራ አደረገው። በ1949 አንድ ቢ-50 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በመንገድ ላይ አራት ጊዜ ነዳጅ እየተቀዳለት በ94 ሰዓታት ውስጥ ሳያርፍ ዓለምን ዞረ። ከዚያ በኋላ የአንድ አየር ኃይል ክንድ የሚደርስበት ርቀት የሚለካው በቦምብ ጣዮቹ ብቻ ሳይሆን በቦቴዎቹም ብዛት ሆነ።

መቶኛው ቁጥር በጥር 1956 እንደገና ተነሣ። በዚህ ጊዜ የተቋቋመው በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሲሆን፣ ደረጃውም “ዊንግ” ሆነ። ዊንግ ማለት በአንድ ጣቢያ ያሉ ስኳድሮኖችን፣ የጥገና ሠራተኞችንና የአስተዳደር ክፍሎችን በአንድ አዛዥ ሥር የሚያስተባብር ትልቅ ክፍል ነው። አየር ኃይሉ አዳዲሶቹ ዊንጎች በተመሳሳይ ቁጥር ይጠሩ የነበሩ የጦርነት ጊዜ ግሩፖችን ታሪክና ሽልማት እንዲወርሱ በመፍቀዱ፣ የቶርፕ አቦትስ ሙታን መታሰቢያ ወደ አዲሱ ክፍል ተላለፈ።

አዲሱ ዊንግ ቢ-47 የተባሉ የጀት ቦምብ ጣዮችና ኬሲ-97 የተባሉ ቦቴዎች ነበሩት። ስለዚህ የነዳጅ ማቀበል ሥራ በክፍሉ ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ጥምረቱ የተመቸ አልነበረም። ቢ-47 በጀት ሞተር የሚበር ፈጣን አውሮፕላን ሲሆን፣ ኬሲ-97 ግን በተሽከርካሪ ምላስ የሚሄድ ዝግተኛ ነበር። ጀቱ ከቦቴው ጋር እኩል ለመሄድ ፍጥነቱን በጣም ከቀነሰ ሊወድቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ተያይዘው ቁልቁል እየወረዱ ነዳጅ ይቀባበሉ ነበር፤ ዝግተኛው ቦቴ ፍጥነት የሚያገኘው ከቁልቁለቱ ነው።

ይህን ችግር የፈታው ነሐሴ 31 ቀን 1956 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኬሲ-135 ነው። በጀት ሞተር ስለሚበር ከጀቶች እኩል ፍጥነትና ከፍታ ይዞ ነዳጅ ያቀብላል። ቦይንግ ኩባንያ በ1954 ካበረረው አንድ የሙከራ አውሮፕላን ሁለት ቤተሰቦች ተወልደዋል። አንደኛው ይህ ወታደራዊ ቦቴ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቦይንግ 707 እና 720 የመንገደኞች አውሮፕላኖች ወገን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1962 ወደ ጀት ዘመን የገባባቸው ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች የዚህ ቦቴ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

ከስለላ ወደ ነዳጅ

በሰኔ 1966 ዊንጉ ወደ አሪዞና ግዛት ተዛውሮ ሥራው የቅኝትና የስለላ ሆነ። በእጁ የነበሩት እጅግ ከፍ ብሎ የሚበረው ዩ-2 አውሮፕላንና ሰው አልባ አውሮፕላኖች ነበሩ። ዛሬ ድሮን የሚለው ቃል በሁሉም አንደበት አለ፤ ነገር ግን ከ1964 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከ3 ሺህ በላይ በረራዎችን እንዳደረጉ ብዙዎች አያውቁም። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን ያካሄደው 100ኛው ዊንግ ነው። ድሮኖቹ ከትልቅ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ይለቀቁ ነበር። ፎቶ አንሥተው ሲመለሱም በጃንጥላ ሲወርዱ ሄሊኮፕተር በአየር ላይ ይይዛቸው ነበር።

በ1976 ዊንጉ ወደ ካሊፎርኒያ ቢል ጣቢያ ተዛወረ፤ ስሙም ለመጀመሪያ ጊዜ “100ኛው የአየር ላይ ነዳጅ መጋቢ ዊንግ” ሆነ። በሥሩ የተሰለፉት ስኳድሮኖች 349ኛውና 350ኛው ነበሩ። በሙንስተርና በበርሊን ሰማይ የተቃጠሉት ስኳድሮኖች ቁጥሮች በነዳጅ ቦቴዎች ላይ እንደገና ሕይወት አገኙ።

ዋና ሥራቸው ኤስአር-71 የተባለውን፣ ከድምፅ ሦስት እጥፍ በላይ የሚፈጥነውን የስለላ አውሮፕላን መመገብ ነበር። ይህ አውሮፕላን በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር ገላው በሙቀት ስለሚሰፋ፣ መገጣጠሚያዎቹ መሬት ላይ ሳለ ክፍተት ነበራቸው፤ ነዳጁም ያንጠባጥብ ነበር። ነዳጁ ከተራው የተለየ ዓይነት በመሆኑ ልዩ ቦቴዎች ያስፈልጉት ነበር። ያለ እነርሱ ያ ዝነኛ አውሮፕላን ከጥቂት ሰዓታት የበለጠ ሊጓዝ አይችልም ነበር። የዓለም ጋዜጦች ስለ ፈጣኑ አውሮፕላን ሲጽፉ፣ ስለ መጋቢዎቹ የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ዊንጉ በመጋቢት 1983 ተዘጋ፤ አውሮፕላኖቹም ለሌላ ክፍል ተሰጡ። ከ1990 እስከ 1991 ለአጭር ጊዜ በሚዙሪ ግዛት በሌላ የአደረጃጀት ደረጃ ተነሥቶ እንደገና ተበተነ።

ወደ እንግሊዝ መመለስ

የካቲት 1 ቀን 1992 መቶኛው ቁጥር ወደ ምሥራቅ እንግሊዝ ተመለሰ። በሚልደንሆል ጣቢያ 100ኛው የአየር ላይ ነዳጅ መጋቢ ዊንግ እንደገና ተቋቋመ። ከሚልደንሆል እስከ ቶርፕ አቦትስ ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሥሩ ቦቴዎቹን የሚያበረው ስኳድሮን 351ኛው ሆነ፤ እርሱም በ1943 ከመጡት አራቱ አንዱ ነው። በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለው “ዲ” ፊደልም በጅራት ላይ ተመለሰ። ይህ በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ክብር ነው።

ዊንጉ 15 ያህል ኬሲ-135 አውሮፕላኖች አሉት። እያንዳንዳቸው እስከ 90 ቶን የሚደርስ ነዳጅ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ በሊትር ሲሰላ ከ100 ሺህ በላይ ነው። ኬሲ-135 መሠራት ያቆመው በ1965 ስለሆነ፣ አውሮፕላኖቹ ከሚያበሯቸው ወጣቶች ወላጆች ጋር የሚስተካከል ዕድሜ አላቸው። ከ1984 ጀምሮ አዲስ ሞተር እየተገጠመላቸው በመምጣታቸው ነዳጅ መቆጠብና ብዙ ማቀበል ችለዋል፤ በጣቢያዎቹ አካባቢ ለሚኖረው ሕዝብም ድምፃቸው ቀንሷል።

በአንድ አውሮፕላን ላይ በመደበኛነት የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋና አብራሪ፣ ረዳት አብራሪና የቧንቧው ተቆጣጣሪ። ተቆጣጣሪው በአውሮፕላኑ ጅራት ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሆዱ ተኝቶ፣ በመስኮት ወደ ኋላ እየተመለከተ ቧንቧውን በእጁ ይመራል። ተቀባዩ አብራሪ ፊቱ እስኪታይ ድረስ ይጠጋል። ቧንቧው ከገባ በኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ከዚያም ተቀባዩ ወደ መንገዱ ይመለሳል።

በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ

100ኛው ዊንግ በአውሮፓ በቋሚነት የሰፈረ ብቸኛው የአሜሪካ አየር ኃይል ነዳጅ መጋቢ ዊንግ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በተደረጉ ዘመቻዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ስሙ አለ። በ1990ዎቹ በቦስኒያና በሰሜን ኢራቅ ሰማይ ላይ የሚጠብቁ አውሮፕላኖችን መግቧል። በ1999 በኮሶቮ ጉዳይ በዩጎዝላቪያ ላይ በተደረገው የኔቶ ዘመቻ፣ ከ2001 በኋላ በአፍጋኒስታን፣ ከ2003 በኋላ በኢራቅ፣ በ2011 በሊቢያ ተሰልፏል።

በአህጉራችን በቅርቡ ከሚጠቀሱት አንዱ በ2013 በማሊ የተደረገው ነው። ፈረንሳይ በሰሜን ማሊ በነበሩ ታጣቂ ቡድኖች ላይ ዘመቻ ስትጀምር፣ የ351ኛው ስኳድሮን ቦቴዎች ወደ ስፔን ተዛውረው ከዚያ እየተነሡ ለፈረንሳይ ተዋጊ ጀቶች በሰሃራ ሰማይ ላይ ነዳጅ ያቀብሉ ነበር። ከየካቲት 2022 በኋላም፣ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ወረራ ስትጀምር፣ የዊንጉ አውሮፕላኖች በምሥራቅ አውሮፓ የኔቶ አባል ሀገራትን ሰማይ የሚጠብቁ ጀቶችን በመመገብ ሥራቸው በዝቶ ታይቷል።

ይህን ሲሉ አንድ እውነት መዘንጋት የለበትም። ቦቴ ራሱ ባይተኩስም የሚተኩሰውን ያደርሳል። በእነዚህ ዘመቻዎች ላይ የሚነሣው ሙግት ሁሉ ነዳጅ ያቀበለውንም ይመለከታል። በሌላ በኩል፣ የተመታ ወይም መንገድ የሳተ አብራሪ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ሰማይ ላይ ቦቴ አግኝቶ ከሞት የሚተርፍበት ጊዜ አለ። በነሐሴ 1943 በቤልጅየም ድንበር ላይ ተመልሰው የሄዱት አጃቢዎች ያላገኙት ይህን ነው።

የጣቢያውና የከተማዋ ዕጣ

የጦር ጣቢያ ለአካባቢው ሕዝብ ድምፅም ነው፤ እንጀራም ነው። በጥር 2015 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከሚልደንሆል ጣቢያ ለቅቆ እንደሚወጣና ነዳጅ መጋቢውን ዊንግ ወደ ጀርመን እንደሚያዛውር አስታወቀ። ከጣቢያው ጋር የተሳሰሩ ሠራተኞች፣ ቤት አከራዮችና ነጋዴዎች ለዓመታት በጥርጣሬ ኖሩ። በሐምሌ 2020 ግን ውሳኔው ተቀልብሶ ክፍሎቹ በእንግሊዝ እንዲቆዩ ተነገረ።

ቶርፕ አቦትስ ደግሞ ሌላ መልክ ይዛለች። መሬቷ ዛሬ ይታረሳል። በማሳው መካከል ግን የድሮው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ ቆሟል። ለዓመታት ተጥሎ ከኖረ በኋላ የአካባቢው ነዋሪዎች በበጎ ፈቃድ አድሰው ቤተ መዘክር አድርገውታል። በውስጡ የአብራሪዎቹ ልብስ፣ ደብዳቤና ፎቶ ይታያል። በ2024 የወጣውና የግሩፑን ታሪክ የሚተርከው ተከታታይ ፊልም ደግሞ “ደማዊው መቶኛ” የሚለውን ስም በዓለም ዙሪያ ላሉ አዲስ ተመልካቾች አስተዋውቋል።

በዚያ ማማ ላይ በጦርነቱ ዘመን መኮንኖች ቆመው፣ ሰማዩን እያዩ፣ የሚመለሱትን አውሮፕላኖች ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ በዚያው ምሥራቃዊ የእንግሊዝ ሰማይ ላይ የሚያልፉት ባለ “ዲ” ፊደል አውሮፕላኖች ቁጥሩ እንዳይጎድል ነዳጅ ይሸከማሉ። ክፍሉ ከ80 ዓመታት በላይ ስሙን፣ ሀገሩንና ሥራውን ብዙ ጊዜ ለውጧል። በአንድ ድንበር ላይ ያለቀ ነዳጅ የሰውን ሕይወት እንደሚያስከፍል ግን በ1943 ተምሮታል፤ የዛሬ ሥራውም ከዚያ ትምህርት የተነሣ ነው።